የአውሬ ጭንብል በሰው ፊት ላይ፤ ስለ «ፋቡላ» እና ስለ ድሬ ዳዋ ተመልካች

የኢትዮጵያ ቴያትር መነሻ በሚወሳበት ቦታ ሁሉ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚለው ስም ሳይጠራ አይታለፍም። የሚጠራውም ብዙውን ጊዜ ስለ ቀደምትነቱ ነው፤ በዘመናዊ አኳኋን ተጽፎ በመድረክ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ድርሰት ነው ይባልና ወደ ሌላ ነገር ይታለፋል። በኵርነት ግን የልደት ተራ እንጂ የሥራ ዋጋ አይደለም። ድርሰቱ በዘመኑ ቀዳሚነት ብቻ እየተመሰገነ ስለ ኖረ፥ ያነሣው ትልቁ የጥበብ ጥያቄ እምብዛም ሳይመረመር ቈይቷል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሕፃናት በምድጃ ዳር የሚሰሙት፥ ሽማግሌዎች በሸንጎ እየጠቀሱ የሚከራከሩበት፥ ማንም ከልክሎት የማያውቅ የአውሬ ተረት በአንድ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ በሰዎች አካል ተሠርቶ በታየ ጊዜ ስለ ምን ቤተ መንግሥትን አስቈጣ?

የተለመደው መልስ «አስተዳደሩን ስለ ነቀፈ ነው» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን አይበቃም። ተረት ከጥንት ጀምሮ አስተዳደርን ሲነቅፍ ኖሯል። ጅብ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠበት፥ አንበሳ ያደነውን ሁሉ ለራሱ ያስቀረበት፥ አህያ ያለ በደልዋ የተፈረደባት ተረት በሀገሩ ሞልቷል። ይህን ሁሉ መሳፍንቱም መኳንንቱም በልጅነታቸው ከሞግዚት አፍ ሰምተው አድገዋል፤ ሰምተውም ስቀዋል። እንግዲህ አዲስ የሆነው ነቀፋው ሳይሆን መድረኩ ነበር ማለት ነው።

ስለ ደራሲው ጥቂት ማስታወስ ይገባል። በኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ሐረር መጡና በራስ መኰንን ቤት አደጉ፤ ገና ልጅ ሳሉ ዐድዋ ዘመቱ፤ ከዚያም ወደ ሩሲያ ተልከው በፒተርስቡርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ለትምህርት ከሀገር ሲወጡ ድሬ ዳዋ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ከዚህ ስፍራ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነውና፥ ተምረው ሲመለሱ ግን ከተማው ተቈርቍሮ ነበር። ከዚያ በኋላ የሕይወታቸው ብዙው ክፍል ከምሥራቁ ሀገር ጋር የተሳሰረ ሆነ፤ ጅግጅጋን አስተዳደሩ፤ ጨርጨርን አስተዳድረው አሰበ ተፈሪን አቀኑ፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ በዤኔቭም ስለ ሀገራቸው ተከራከሩ፤ ከብዙ ዘመን ስደት ተመልሰው ደግሞ ከጨርጨር ወደ ድሬ ዳዋና ወደ ሐረር በሚያልፈው መንገድ ላይ በምትገኘው በሂርና ገበሬ ሆነው ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። የሕይወታቸውን ታሪክ የጻፉት መጽሐፍ ከዕረፍታቸው በኋላ፥ በ1999 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ።

«ፋቡላ» የታየችው በ1913 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ነው። ደራሲው እንደ ተረኩት፥ አስቀድሞ ቴያትር ታያለህ ተብለው ሄደው ያገኙት ዘፈንና ጭፈራ ቢሆንባቸው ዐዘኑ፤ በአውሮፓ ያዩት ጥበብ ምን እንደ ሆነ ለወገናቸው ለማሳየት ይህን ድርሰት ጻፉ። መሠረቱም የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን ተረቶች ናቸው። ተመልካቾቹ መሳፍንትና መኳንንት ነበሩ። ነገሩ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘንድ ተሰማና ድርሰቱ ተከለከለ፤ መጽሐፉም ተሰበሰበ ይባላል። ቴያትርም እንደገና አንገቱን ቀና ያደረገው ንግሥቲቱ በ1922 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፥ በነዮፍታሔ ንጉሤና በነመላኩ በጎሰው ዘመን ነው።

በአንድ መድረክ ምክንያት የመጣው ክልከላ የተጣለው በአንዲት ድርሰት ላይ ብቻ አልነበረም፤ ገና ያልተወለደ የጥበብ ዐይነት ለብዙ ዓመታት ከመፀነስ ተከለከለ። ስለዚህ የዚያን ምሽት ምስጢር መመርመር የታሪክ ጌጥ አይደለም።

የፈረንሳይን ዐሥራ ሰባተኛ መቶ ዓመት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ላ ፎንቴን የመጀመሪያዎቹን ስድስት የተረት መጻሕፍት በ1668 እ.ኤ.አ. ባሳተመ ጊዜ ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ልጅ፥ ለአልጋ ወራሹ፥ አበረከታቸው። በነዚያ ተረቶች ውስጥ አንበሳው ንጉሥ፥ ቀበሮው አማካሪ፥ ተኵላው ከሳሽ ሆነው ስለ ቤተ መንግሥት ኑሮ የማይባል ነገር የለም፤ ሆኖም መጽሐፉ በክብር ተነበበ። በዚያው ዘመን፥ በዚያው ንጉሥ ሥር፥ ሞልዬር የሃይማኖት አስመሳዮችን የነቀፈበት «ታርቲዩፍ» በ1664 በቬርሳይ ታይቶ ወዲያው ለሕዝብ እንዳይታይ ተከለከለ፤ በነጻነት የተፈቀደው ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1669 ነው። ከሁለቱ ደራሲዎች አንዱ ከሌላው ይልቅ ደፋር ስለ ነበረ አይደለም። አንዱ በወረቀት፥ ሌላው በሰው ሥጋ ስለ ጻፈ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ታርቲዩፍ»ን እና «የፌዝ ዶክተር»ን ወደ ዐማርኛ መልሰው ለኢትዮጵያ መድረክ ባበረከቱ ጊዜ፥ የፈረንሳይ ስላቅ በሁለተኛው መንገድ ገባ ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን መንገድ የከፈቱት ግን ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። እርሳቸው ያደረጉት ከሞልዬርም ይልቅ የሚያስደንቅ ነው፤ ላ ፎንቴን በብልኀት ከወረቀት ያላወጣቸውን አውሬዎች አውጥተው ወደ ሞልዬር ቤት አገቧቸው። ላ ፎንቴን ራሱ ተረቶቹን እንደ አንድ ሰፊ ኮሜዲያ ይቈጥራቸው ነበርና፥ «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚለው ንኡስ ርእስ በድንገት የመጣ አይመስልም።

አሁን መድረኩ በተረት ላይ ምን እንደሚያደርግ በዝርዝር መመልከት ያስፈልጋል።

በምድጃ ዳር ተረት የሚያወራ ሰው አንድ ነው። አንበሳውንም፥ ጅቡንም፥ አህያዋንም የሚናገረው በአንድ አፍ ነው። ድምፁን ለአንበሳው ያጐላዋል፥ ለአህያዋ ያሳንሰዋል፤ ነገር ግን ሁሉም ከርሱ ወጥተው ወደርሱ ይመለሳሉ። ሰሚው «አንበሳው እገሌ ነው» ብሎ ቢያስብ ያሰበው በልቡ ነው፤ ማንም አላየውም፤ ጨለማም ነው፤ የእሳቱ ብርሃን የሚያሳየው ተራኪውን ብቻ ነው። ሰሙ የተራኪው፥ ወርቁ የሰሚው ነው። እንደ ቅኔ ሁሉ የሰማው ሰው በተሰማው መጠን ይጠየቃል እንጂ የተናገረው አይጠየቅም።

በመድረክ ላይ ግን አንዱ አፍ ይከፋፈላል። አንበሳውን የሚሠራው አንድ ሰው፥ አህያዋን የሚሠራው ሌላ ሰው ይሆናል፤ ለየአንዳንዱም ቁመት፥ አረማመድ፥ ልብስ ያስፈልገዋል። አንበሳው እንዴት ይቀመጥ? እንደ መኰንን ከተቀመጠ ሁሉም ያውቀዋል። ካባ ከደረበ ካባው የማን ነው? በወረቀት ላይ «አንበሳ ተቈጣ» ማለት ቀላል ነው፤ ተዋናይ ግን በጥቅሉ ሊቈጣ አይችልም፤ ካየው ሰው ቊጣ ይዋሳል። የተዋሰውንም ተመልካቹ ያውቀዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ አዳራሹ በመብራት የተሞላ ነው፤ ሳቅም የጋራ ነው። ሰው በሳቀ ጊዜ ጐረቤቱ ሲስቅ ያያል፤ ከፊት ወንበር የተቀመጠው ትልቅ ሰው መሳቅ አለመሳቁን ለማየትም ዐይኑን ይወረውራል። ያን ጊዜ ወርቁ በእያንዳንዱ ልብ ውስጥ የተሰወረ መሆኑ ይቀራል፤ በአዳራሹ መካከል ይወድቃል፤ ሁሉም አይቶታል፤ ሁሉም እንዳዩት ሁሉም ያውቃል። «ፋቡላ» የተከለከለችበት ምክንያት እዚህ ላይ መፈለግ አለበት። ቤተ መንግሥት የፈራው ተረቱን ሳይሆን፥ ተመልካቾቹ እርስ በርሳቸው የተያዩበትን ቅጽበት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

አንድ ተረት ወስዶ መመርመር ይህን ያስረዳል፤ ይኸውም በኢትዮጵያም በፈረንሳይም በሩሲያም የሚነገር ነው። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በቃል ይነገራል። ክፉ ዘመን ሆነና አንበሳ፥ ነብር፥ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ይህ መዓት የመጣው ከመካከላችን አንዱ ቢበድል ነው፤ እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ ሰንጋ በላሁ አለ፤ ኀጢአት አይደለም አሉት። ነብርም ጅብም እንዲሁ በየተራቸው ተናዘዙ፤ ለየአንዳንዳቸውም «ይህ ተፈጥሮህ ነው» ተባለላቸው። አህያዋ ጌታዋ ከሰው ጋር ቆሞ ሲነጋገር ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር መቅመሷን ተናገረች። ያን ጊዜ ሦስቱም «መዓቱን ያመጣሽ አንቺ ነሽ» ብለው በሏት።

ላ ፎንቴን ይህንኑ በ1678 ባወጣው ሁለተኛ ስብስብ ውስጥ፥ በሰባተኛው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ፥ ስለ አውሬዎች ቸነፈር በሚናገረው ተረት ጽፎታል። በርሱ ዘንድ ቀበሮው አንበሳውን የሚያሞግስ ጠበቃ ነው፤ ተኵላውም ጥቂት የተማረ ከሳሽ ነው፤ አህያውም የቀመሰው የመነኮሳትን መስክ ሣር ነው። ሩሲያዊው ክሪሎፍ ከርሱ ወስዶ ወደ ሩስኛ ሲመልሰው አህያውን በበሬ ለወጠው፤ በሬውም በራብ ዘመን ከቄስ ክምር ጥቂት ድርቆሽ የሰረቀ ሆነ። በፒተርስቡርግ የበጋ መናፈሻ ውስጥ የክሪሎፍ ሐውልት ከ1855 ጀምሮ ቆሟል፤ ከእግሩ በታች አውሬዎቹ ሁሉ ተቀርጸዋል። በዚያ ከተማ የተማረ ኢትዮጵያዊ ወጣት የአውሬ ተረት ለልጆች ብቻ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ ለመረዳት መጽሐፍ መክፈት እንኳ አያስፈልገውም ነበር።

ሦስቱን ማነጻጸር ደስ ያሰኛል፤ ለመድረክ የሚሻለው የትኛው እንደ ሆነ መፍረድ ግን ቀላል አይደለም። የፈረንሳዩ ተረት ብዙ ንግግር አለው፤ ጠበቃ አለው፤ ፍርድ አለው፤ ስለዚህ ወዲያው ወደ ቴያትር ይገባል የሚመስለው እርሱ ነው። የኢትዮጵያው ግን ጠበቃ የለውም። ሦስቱ ነጣቂዎች አንዱ ለአንዱ ይመሰክራል፤ ማንም ማንንም አያባብልም፤ ውሸትም የለም፤ ሁሉም እውነቱን ተናግሯል። ይህ በንባብ ጊዜ ደረቅ ይመስላል። በመድረክ ላይ ቢሠራ ግን ከፈረንሳዩ ይልቅ ያስፈራል፤ ምክንያቱም ተመልካቹ የሚጠላው ተንኰለኛ አያገኝም። ክፋቱ ከአንድ ቀበሮ የመጣ ቢሆን ቀበሮውን አስወግዶ መገላገል ይቻል ነበር። እዚህ ግን ክፋቱ ከመግባባታቸው የመጣ ነው። አዘጋጁ ብልኅ ከሆነ አህያዋ ከተናዘዘች በኋላ ረዘም ያለ ዝምታ ያኖራል፤ ሦስቱ ሳይነጋገሩ ይተያያሉ፤ ያ መተያየት በወረቀት ላይ የለም፤ በተራኪው አፍም ሊነገር አይችልም።

ይህ ከታየ በኋላ በ«ፋቡላ» ላይ የሚቀርበውን ነቀፋ መመዘን ይቻላል። ድርሰቱ የተረቶች ሰንሰለት እንጂ አንድ ታሪክ ያለው ድራማ አይደለም፤ ሰዎቹ፥ ማለት አውሬዎቹ፥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጠባያቸው አይለወጥም፤ ስለዚህ ቴያትር ሳይሆን የመድረክ ንባብ ነው ይላሉ። ነቀፋው ከግማሽ በላይ እውነት አለው። በተረት ውስጥ ጅብ ጅብ ሆኖ ይሞታል፤ ጠባዩን ቢለውጥ ተረቱ ይፈርሳል። ድራማ ደግሞ ሰው ሊለወጥ ይችላል ብሎ ይጀምራል። እነዚህን ሁለቱን አንድ ማድረግ እስከ ዛሬ ማንም ያልጨረሰው ሥራ ነው። ነገር ግን ነቃፊዎቹ አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ በዚያ አዳራሽ ሊለወጥ የታሰበው ጅቡ ሳይሆን ተመልካቹ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ትልቅ ገጣሚ አልነበሩም፤ ትልቅ አስተማሪ ግን ነበሩ። የድርሰቱ ጕድለትም ከዚሁ የመጣ ነው፤ አስተማሪው አንዳንድ ጊዜ ገጣሚውን እጁን ይዞ ያቆመዋል።

ስለ ስላቅ ልብ ወለድም በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ይገባል፤ ችግሩ ተመሳሳይ ነውና። በ1945 እ.ኤ.አ. የታተመው የጆርጅ ኦርዌል የእንስሳት እርሻ ልብ ወለድ በ1984 በሎንዶን ብሔራዊ ቴያትር በፒተር ሆል አዘጋጅነት ታይቷል። የመጽሐፉ አስፈሪ ፍጻሜ ዐሣማዎቹ በሁለት እግር ቆመው መሄዳቸው፥ ከሰዎቹም አለመለየታቸው ነው። በመድረክ ላይ ግን ተዋናዩ መጀመሪያውኑ በሁለት እግሩ የተፈጠረ ሰው ነው፤ በአራት እግር መሄዱ ነው ድካሙ፤ ሲነሣ ተመልካቹ ያርፋል እንጂ አይደነግጥም። መጽሐፉ በመጨረሻው ገጽ የሚገልጠውን ምስጢር መድረኩ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ገልጦታል። በሌላ በኩል ግን መድረኩ ከመጽሐፉ ይልቅ ተፈርቷል፤ ይኸው ዝግጅት በ1986 ወደ አሜሪካ ወደ ባልቲሞር የቴያትር በዓል በሄደ ጊዜ በሶቪየት ሕብረት ተቃውሞ ምክንያት ከበዓሉ ይፋ ዝርዝር ወጥቷል። መጽሐፉ እኮ በዚያን ጊዜ አርባ ዓመት ያለፈው፥ በየቤተ መጻሕፍቱ የተቀመጠ ነበር።

በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ መንገድ ተገኝቷል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከፍቅር ታሪክነቱ ጋር የመሳፍንቱን ሥርዓት የሚነቅፍ ብርቱ ስላቅ ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻን ያነበበ ሰው ይህን አይክድም። ይህ መጽሐፍ የሀገሩን ሕዝብ የደረሰው ከሁሉ ይልቅ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ንባብ ነው። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ሲሆኑ በሬዲዮ ያደረጉት የምድጃ ዳሩን ተራኪ ሥራ ነው፤ ሁሉንም በአንድ አፍ ተናገሩ። ፊታውራሪ መሸሻ አካል አልነበራቸውም፤ ስለዚህ በየቤቱ የተቀመጠው ሰሚ የራሱን ፊታውራሪ ሣለ። ልብ ወለዱን በሥዕልና በአካል ለማሳየት የሚሞክር ሁሉ ከዚያ ድምፅ ጋር ይፎካከራል፤ ፉክክሩም ቀላል አይደለም።

ይህ ሁሉ ስለ ድሬ ዳዋ ምን ይላል?

ድሬ ዳዋ የባቡር ልጅ ናት። በደቻቱ አሸዋ ወዲህና ወዲያ ከዚራና መጋላ ተለያይተው ሲያድጉ፥ በባቡር መሥሪያ ቤት ፈረንሳይኛ፥ በገበያ ኦሮምኛና ሶማልኛ፥ በሱቅ ዐረብኛ፥ በመንግሥት ቤት ዐማርኛ፥ በብዙ ቤት ሐረሪ፥ በአንዳንዱም ግሪክኛና አርመንኛ ይሰማ ነበር። ላ ፎንቴንን በራሱ ቋንቋ ያነበቡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ውጭ ቢፈለጉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኙት እዚህ ነው። ያው የአውሬ ተረትም በየቋንቋው አለ። ሶማሌዎች ስለ አንበሳ ድርሻ ሲናገሩ፥ አንበሳ፥ ጅብና ቀበሮ ያገኙትን ሥጋ እንዲያካፍል ጅብ ታዘዘ፤ ግማሹን ለአንበሳ፥ ግማሹን ለሌሎቹ ቢያደርግ አንበሳው በጥፊ መትቶ ዐይኑን አወጣው፤ ቀበሮው ግን ሁሉንም ለአንበሳው ሰጠ፤ ይህን አከፋፈል ማን አስተማረህ ቢባል የጅቡ ዐይን አለ ይላሉ። ይህ ከአህያዋ ተረት ጋር ተጋጥሞ ቢሠራ «ፋቡላ» ያጣችውን ነገር ሳያስገኝ አይቀርም፤ በመጀመሪያው ተረት የተበደለው ጅብ በሁለተኛው በዳይ ሆኖ ይመጣልና፥ ጠባይ የማይለወጥበት ተረት ሁለት ሲሆን ይለወጣል።

ስለ ጅቡ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የፈረንሳዩን ተኵላ በዐማርኛ «ተኵላ» ብሎ መመለስ መዝገበ ቃላቱን ያስደስታል፤ ተመልካቹን ግን አያስፈራም። «ጅብ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ዝእብ» የመጣ ነው፤ የዚህም ወንድም የሆነው የዐረብኛው ቃል የተኵላ ስም ነው። ስለዚህ ተኵላን በጅብ መተካት ስሕተት ሳይሆን ወደ ሥሩ መመለስ ነው። በምሥራቁ ሀገር ግን ይኸው አውሬ በኦሮምኛ ዋራቤሳ፥ በሶማልኛ ዋራቤ፥ በሐረሪ ዋራባ ይባላል፤ ሦስቱ ስሞች እርስ በርሳቸው ሲመሳሰሉ የዐማርኛው ለብቻው ቀርቷል። ስሙ ብቻም አይደለም። ከድሬ ዳዋ ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ መንገድ በምትገኘው በሐረር ጅብ በከተማው በር ገብቶ ይወጣል፤ በዓሹራ ቀን ገንፎ ይቀርብለታል፤ ክፉ መንፈስን ይበላል ተብሎም ይታመናል። በአዲስ አበባ መድረክ ጅብ በወጣ ጊዜ ሁሉም ሆዳም ሌባ መሆኑን ያውቃል፤ ከሐረር ልጆች ፊት በወጣ ጊዜ ግን ግማሹ አዳራሽ ጐረቤቱ የመጣ ይመስለዋል። አዘጋጅ ይህን ሳያውቅ ቢመጣ ሳቁ ከጠበቀው ቦታ አይመጣለትም።

ከሁሉ የሚከብደው ጕዳይ ግን የአነጋገር ነው። በዐማርኛ የመድረክ ቀልድ ውስጥ አንድ ክፉ ልማድ ሥር ሰዷል፤ ይኸውም ዐማርኛ አፉን ያልፈታበትን ሰው አነጋገር እያጣመሙ ማሣቅ ነው። ዘበኛው፥ ተሸካሚው፥ ባላገሩ ነጋዴ በመድረክ ላይ የሚታወቀው በተሰበረ ቃሉ ነው። ይህ በሰው ቴያትር ውስጥ ነውር ነው፤ በአውሬ ቴያትር ውስጥ ግን ከነውርም ያልፋል። አህያዋ በአንድ ሕዝብ ቅላፄ ብትናገር፥ ጅቡም በሌላው፥ ቀበሮውም በሦስተኛው ቅላፄ ቢናገሩ፥ ከመጋረጃው መነሣት ጋር ተረቱ ያበቃል። ስላቁ ወደ ላይ፥ ወደ ወንበሩ መውጣቱን ትቶ ወደ ጐን፥ ወደ ጐረቤት ይፈስሳል። በቴራስ ሆቴል ጭንብሉ የወደቀው በባለ ሥልጣኑ ፊት ነበር፤ ለዚህም ድርሰቷ ዋጋ ከፈለች፤ ዋጋውም ክብርዋ ነው። በብዙ ቋንቋ ከተማ ጭንብሉ በገበያተኛው ፊት ቢወድቅ ግን ማንም አይከለክለውም፤ ባለ ሥልጣኑም ከፊት ወንበር ተቀምጦ አብሮ ይስቃል።

ድሬ ዳዋም የመድረክን ክልከላ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። በ1954 ዓ.ም. አካባቢ በዚሁ ከተማ ወጣቶች ተሰባስበው በኦሮምኛ መዝፈን የጀመሩበት፥ ዓሊ ቢራም በልጅነቱ የወጣበት የአፍረን ቀሎ ቡድን በዘመኑ ባለ ሥልጣኖች ዘንድ በጥርጣሬ ይታይ ነበር፤ ስሙም የአራቱን የቀሎ ልጆች ያመለክታል። እነርሱ የተጠረጠሩት ስለ አውሬ ተናግረው አይደለም፤ በገዛ ቋንቋቸው በመድረክ ላይ በመቆማቸው ነው። ቋንቋው ራሱ እንደ ወርቅ ተቈጠረባቸው። ከዚህ ታሪክ በኋላ በዚህ ከተማ ኦሮምኛን ለአህያ ማሣቂያ የሚሰጥ አዘጋጅ ቢነሣ የት እንደ ቆመ አያውቅም።

እንግዲህ አውሬዎቹ በምን ቋንቋ ይናገሩ? ሁሉም በአንድ ጥሩ ዐማርኛ ይናገሩ የሚል መፍትሔ አለ፤ ንጹሕ ነው፤ ግን የከተማውን ጆሮ ይዘጋል። ሌላው መፍትሔ ከተራኪው መማር ነው፤ ይኸውም ቋንቋን ለአውሬ ሳይሆን ለጊዜ መስጠት ነው። ሁሉም አውሬዎች ሲሸነግሉ በዐማርኛ፥ ሲዋዋሉ በሶማልኛ፥ ሲምሉ በኦሮምኛ፥ ሲቈጥሩ በዐረብኛ ቢናገሩ ለመጋላ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ሸቀጥ የሚገዛና የሚሸጥ የድሬ ዳዋ ነጋዴ በአንድ ቀን ውስጥ ይህንኑ ሲያደርግ ይውላል። ያን ጊዜ አንበሳውም አህያዋም የማንም ወገን አይሆኑም። ተመልካቹም ወርቁን ወደ ራሱ ኑሮ ይወስደዋል፤ በባቡሩ የኮንትሮባንድ ጨርቅ ደብቀው ያመላልሱ ለነበሩት ሴቶች አንበሳው ንጉሥ አልነበረም፤ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየተዘዋወረ ጓዝ የሚበረብረው ፊናንስ ነበር፤ ቀበሮዋም ማን እንደ ነበረች ለነርሱ መንገር አያስፈልግም።

ይህ መፍትሔ አንድ ችግር ሳይፈታ ይተዋል። አህያዋ የምትናዘዘው በየትኛው ቋንቋ ነው? ኑዛዜ ሽንገላም ውልም መሐላም አይደለም። ሦስቱ ነጣቂዎች ሊያድኗት ቢፈልጉ የሚሰሙት፥ ላለመስማትም ቢፈልጉ አልሰማንም የሚሉት ቋንቋ መሆን አለበት። የሚሻለው በየምሽቱ አህያዋን የሚሠራው ሰው ከእናቱ በተማረው ቋንቋ ቢናዘዝና፥ ተዋንያኑ ሚናቸውን በየምሽቱ ቢለዋወጡ ነው። ትናንት አንበሳ የነበረው ዛሬ ሣር ቀመስሁ ብሎ ይቆማል፤ ለመለማመጃው ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱም ተዋናይ አራቱን ክፍል በቃሉ መያዝ ግዴታ ይሆንበታል።